ከገድሉ ጀርባ ያለውን ሰው መፈለግ፦ የዩታ ፓዮኒር ቅድመ አያት ሕይወትና ሞት እንዴት ይጠናል?

ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አባቴ ነው ያስጠናቸው። ስም ብቻ ነው፤ አንዲት ወረቀት የለውም። በአባታቸው በኩል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ባለቤቴ የአሜሪካዋ ዩታ ስቴት ልጅ ነው፤ ወገኖቹ ፓዮኒር የሚባሉት፣ ባቡር ከመግባቱ በፊት ዩታ የደረሱ ሞርሞን ሰፋሪዎች ናቸው። ከቅድመ አያቱ በላይ ያለውን ስም በቃሉ አይጠራም፤ ወረቀቱ ግን ሞልቷል። የመርከብ መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የመቃብር ድንጋይ። በየቦታው ተበትኖ ሰብሳቢ ይጠብቃል።

በየዓመቱ ጁላይ 24 የአማቴ ቤት በዘመድ ይሞላል። በ1847 የመጀመሪያዎቹ ሞርሞኖች፣ ማለትም የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አማኞች፣ ሶልት ሌክ ሸለቆ የገቡበት መታሰቢያ ነው፤ በዩታ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። ምግቡ ሲያልቅ ወሬው ከዴንማርክ ወደ መጡ አንዲት ምንጅላት ይዞራል። "ጸሎተኛ ነበሩ። አንድ ቀን አላማረሩም። በእምነታቸው እንደጸኑ አረፉ።" ከዚያ በላይ የለም። የት ሞቱ? በምን? ማን ቀበራቸው? ስጠይቅ ሁሉም ዝም ይላል።

እኔ ገድል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ገድል ለምን እንደሚጻፍ ይገባኛል። እኚህ ሴት ግን የልጆቼ ደም ናቸው። የሄዱበትን መንገድ፣ የቀበሩትን ልጅ፣ የሞቱበትን ቤት ሳላውቅ "ጸሎተኛ ነበሩ" ብቻ ማለት አልበቃኝም። ያ ሁሉ ጸሎት ስለ ምን እንደተጸለየ ማወቅ ፈለግኩ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ካወቅኩት በኋላ ሳስበው በጥቂት ወራት የሚያልቅ ሥራ ነው። እንደ እኔ ከዩታ ቤተሰብ ጋር የተጋባችሁ፣ በጉዲፈቻ እዚያ ያደጋችሁ፣ ወይም የሞርሞን ሽማግሌ የምትንከባከቡና "እስቲ የአያቴን ነገር ፈልጊልኝ" የተባላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። መንገዱን ላሳያችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለማሳያ የምጠቀመው የታወቀ ሰው ነው፦ ጄንስ ኒልሰን። በ1820 ዴንማርክ ተወልደው፣ በ1856 የእጅ ጋሪ እየጎተቱ ዩታ ገብተው፣ በ1906 ብላፍ በምትባል የበረሃ መንደር ያረፉ ሽማግሌ ናቸው። ታሪካቸው በአደባባይ ያለ ስለሆነ እናንተም እያያችሁ ልትለማመዱበት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰብስቡ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት በዕድሜ ትልቁ ዘመድ ጋ ሂዱ። ስልካችሁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ታሪኩን አታርሙ፣ "ይሄ እንኳን አይመስለኝም" አትበሉ። እንዳለ ይውጣ።

ጥያቄያችሁ ግን ጠባብ ይሁን። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብትሉ "ደግ፣ ጸሎተኛ" ነው መልሱ። "ቤታቸው የት ነበር? እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር? መቃብራቸው ላይ ማን ወሰደሽ? ይህን ለአንቺ ማን ነገረሽ?" ብትሉ ሰው መታየት ይጀምራል። የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘሏት። ታሪኩ ካየ ሰው የመጣ ነው ወይስ ከአራተኛ አፍ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ከዚያ ዕቃውን ጠይቁ። የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጾች፣ የፎቶ ጀርባ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ወረቀት፣ የቆየ ደብዳቤ። ሞርሞኖች ቤት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሞሉ ሰፋፊ የቤተሰብ ቅጾችም አይጠፉም። አባት፣ እናት፣ ልጆች በየሳጥኑ ተጽፈው ታገኛላችሁ። ፎቶ አንሱና ዕቃውን ለባለቤቱ መልሱ።

እኔ ደብተሬ ላይ በእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ቃል እጽፋለሁ፦ "ተነገረ"፣ "ታየ"፣ "ተገመተ"። ታየ የምለው በዘመኑ የተጻፈ ወረቀት ካየሁ ብቻ ነው። ይህችን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ያዟት።

2. ከሞት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ሰው የሚቸኩለው ወደ መርከቡና ወደ በረሃው ነው። አትቸኩሉ። ሞት ለእናንተ ከሁሉም ቅርብ የሆነው ክስተት ነው፤ ወረቀቱም ከሁሉም የተሻለ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ አንድ እርምጃ ትሄዳላችሁ።

በዩታ ዓመቱን እወቁ። ከ1905 ጀምሮ የሞተ ሰው በስቴት ደረጃ የሞት ምስክር ወረቀት ይጻፍለታል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የዩታ ስቴት ቤተ መዛግብት በነፃ በኢንተርኔት ያሳያል። ጄንስ ኒልሰን በ1906 ስላረፉ የእሳቸው ዓይነት ፍለጋ ከዚህ ይጀምራል። ከ1898 እስከ 1905 ባለው ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ካውንቲ፣ ማለትም በስቴቱ ሥር ያለ አውራጃ፣ የራሱ የሞት መዝገብ ነበረው። ከዚያ በፊት ከሆነ ወደ መቃብር መዝገብ፣ ወደ ጋዜጣና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰነድ መሄድ ነው።

የሞት ምስክር ወረቀት ስታገኙ ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። የሟች የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት ስም፣ የሞት ምክንያት፣ የተቀበሩበት ቦታ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መረጃውን የሰጠው ሰው ስም አለ። ስለ ሞቱ የጻፈው ሐኪም ነው፤ ስለ ልደቱ የተናገረው ግን ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ወይም አማች ነው። ዴንማርክ ረግጦ የማያውቅ የእህል ነጋዴ አማች ስለ አማቱ እናት የአባት ስም ምን ያውቃል? ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ሆኖ የሞት ቀኑ "ታየ" ይባላል፤ የትውልድ ቀኑ ግን "ተነገረ" ነው።

የበሽታ ስሞቹ የድሮ ናቸው። "ኮንሰምፕሽን" ካለ የሳንባ ነቀርሳ ነው። "ድሮፕሲ" ውኃ ቋጥሮ ማበጥ ነው፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም አለ። "ላ ግሪፕ" ኢንፍሉዌንዛ ነው። "ቻይልድቤድ ፊቨር" አራስ ሴት የምትሞትበት ትኩሳት ነው። "ኦልድ ኤጅ" ከሆነ በእርጅና ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር አትፈልጉበት።

ጋዜጣውን አትርሱ። ዴዘረት ኒውስ ከ1850 ጀምሮ ይታተማል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የዩታ ዲጂታል ጋዜጦች ስብስብ በነፃ ይፈተሻል። ስሙን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ስምና የሞቱበትን ሳምንት አብራችሁ ፈልጉ፤ የድሮ ፊደል በኮምፒውተር ሲነበብ ስም ይበላሻል። የእናንተ ሰው ከስካንዲኔቪያ ከሆነ ቢኩበን የሚባል በዴንማርክና በኖርዌይ ቋንቋ ሶልት ሌክ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ነበር፤ የተጀመረው በ1876 ነው። ቋንቋውን ባታውቁም ስምና ቀን ይታያችኋል፤ የቀረውን ስልካችሁ ይተረጉምላችኋል።

የእኛ ምንጅላት ያረፉት በ1903 ክረምት፣ ሳንፒት ካውንቲ ነው። ስቴቱ መመዝገብ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የካውንቲው መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ "የቤት እመቤት"፣ የሳንባ ምች። ያቺን አንዲት መስመር ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዘመን ሙሉ ሲወራላቸው የኖሩ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው አየኋቸው።

3. በሕዝብ ቆጠራው ላይ ቤታቸውን አንኳኩ

የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው። ከ1850 ጀምሮ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ስም ይጻፋል። በ1880 እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ ኃላፊ ምኑ እንደሆነና ወላጆቹ የት እንደተወለዱ ተጨመረ። የ1890ው አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሳ እሳት ሳቢያ ጠፍቷል። ስለዚህ ከ1880 በቀጥታ ወደ 1900 ትዘላላችሁ። በመሃል ሃያ ዓመት ክፍተት አለ፤ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሞቶ ምንም ላይ ላይታይ ይችላል።

የ1900ውን ቆጠራ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የትውልድ ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆዩበት ዘመን፣ አሜሪካ የገቡበት ዓመት ተጽፏል። ለእናቶች ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ የወለዷቸው ልጆች፣ አሁን በሕይወት ያሉ ልጆች።

የምንጅላታችን መስመር ላይ 9 እና 4 ይላል።

ጁላይ 24 ላይ ሲወራ የምሰማው ስለ አራት ልጆች ነበር። አምስቱን ማንም አንስቷቸው አያውቅም። "አንድ ቀን አላማረሩም" የሚባለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ክብደት አለው ለእኔ። እዚህ ቁጥር ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የጎደሉትን ልጆች መፈለግ የሥራችሁ አካል ነው፤ የት እንደሚገኙ ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ከ1850 እስከ 1880 ባሉት ቆጠራዎች ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ የሟቾች ቅጽ ነበር። ከቆጠራው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የሞተውን ሰው ስም፣ ወርና ምክንያት ይይዛል። ሰው ስለማያውቀው ያልፈዋል። እናንተ እዩት።

አንድ ጥንቃቄ። በዚያ ዘመን ሞርሞን ወንዶች ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ነበር። ጄንስ ኒልሰንም እንዲሁ ነበሩ። ሁለተኛዋ ወይም ሦስተኛዋ ሚስት በቆጠራ ላይ ለብቻዋ፣ በሌላ ቤት፣ አንዳንዴም እንደ ባል የሞተባት ተጽፋ ትገኛለች። በተለይ ኮንግረስ በ1882 ሕጉን ካጠበቀ በኋላ ባሎች ይታሰሩ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ይደብቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ልማዱን ማቆሟን ያወጀችው በ1890 ነው። ስለዚህ ባል የሌለበት ቤት ስታገኙ ቶሎ አትፍረዱ። ልጆቹ የማንን ስም እንደያዙ ተመልከቱ። ዛሬ ያሉ ዘመዶች ይህን ማንሳት ይከብዳቸው ይሆናል፤ በአክብሮት ጠይቁ።

4. የአባት ስም ነገር፤ እዚህ ጋ ሀበሻ መሆን ይጠቅማል

አሜሪካኖች የስካንዲኔቪያ ዘር ሲቆጥሩ የሚሰናከሉበትን ቦታ እኛ በቀላሉ እናልፈዋለን። የድሮ ዴንማርክ ስም እንደ እኛው ነው። የኒልስ ልጅ ኒልሰን ይባላል። የእሱ ልጅ ደግሞ የአባቱን ስም ይይዛል እንጂ ኒልሰን አይባልም። ሴቷም ባል ስታገባ በአገሯ መዝገብ ላይ የአባቷን ስም እንደያዘች ትቀጥላለች። አሜሪካ ሲገቡ ነው ስሙ ቆሞ የቤተሰብ ስም የሆነው።

ስለዚህ ወንድማማቾች በዩታ መዝገብ ላይ ሁለት ዓይነት የቤተሰብ ስም ቢይዙ አትደንግጡ። ጸሐፊውም እንደ ሰማው ነው የሚጽፈው፤ ኒልሰን፣ ኒልሴን፣ ኔልሰን ሁሉንም ሞክሩ።

ጉዳቱ ሌላ ነው። የስም ብዛት ትንሽ ስለሆነ ተመሳሳይ ሰው ይበዛል። ሳንፒት በዴንማርክ ሰዎች የተሞላ ካውንቲ ነበር። ከእኛ ምንጅላት ጋር ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ፣ ዕድሜያቸው የሁለት ዓመት ልዩነት ያለው ሌላ ሴት ጎረቤት መንደር ይኖሩ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ የቤተሰብ ዛፍ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው ነበር። እኔ አምኜ ተከተልኩ። ስድስት ወር የሌላ ሰው አያት ስፈልግ ከረምኩ። ያወጣኝ የባል ስምና የልጆች ስም ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ሰው "እሷ ናት" ለማለት ከስሟ ሌላ ሦስት ነገር እንዲገጥም እፈልጋለሁ፦ ባል ወይም አባት፣ ቦታ፣ ዕድሜ።

5. መንገዱን ተከተሉ

"ፓዮኒር" የሚባለው ባቡር ከመግባቱ በፊት የደረሰ ሰው ነው። ሁለቱ የባቡር ሐዲዶች ሜይ 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንቶሪ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በፊት የመጣው በእግር፣ በበሬ ጋሪ ወይም ራሱ በሚጎትተው የእጅ ጋሪ ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የታሪክ ክፍል ከ1847 እስከ 1868 የተጓዙትን ጓዶች ስም ዝርዝር በነፃ አስቀምጧል። ጓድ ስል በአንድ መሪ ሥር የሚጓዘውን ቡድን ማለቴ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመሪው ስም ይጠራል። የእናንተን ሰው ስም ስታገኙ አትቁሙ። አብረው የተጓዙ ሰዎች ማስታወሻና ደብዳቤም እዚያው ተያይዟል። አያታችሁ ራሳቸው አንዲት ቃል ላይጽፉ ይችላሉ። ከእሳቸው ሦስት ጋሪ ኋላ የነበረ ሰው ግን ጽፎ ይሆናል። ያው ዝናብ፣ ያው ወንዝ፣ ያው ረሃብ ነው።

የባሕሩን ጉዞ ለማየት ደግሞ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ከ1840 እስከ 1890 ያሉ የሞርሞን የመርከብ ተሳፋሪዎችን የሚይዝ ስብስብ አለ፤ ሴይንትስ ባይ ሲ ይባላል። አብዛኛው አውሮፓዊ መጀመሪያ ወደ ሊቨርፑል ይመጣና ከዚያ ይሳፈራል።

እስቲ በጄንስ ኒልሰን እንየው። እሳቸውና ባለቤታቸው ኤልሲ ቶርንተን በምትባል መርከብ ሜይ 1856 መጀመሪያ ላይ ከሊቨርፑል ተነሱ። ኒው ዮርክ ወረዱ፣ በባቡር አዮዋ ሲቲ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ የእጅ ጋሪ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ጓዝ 17 ፓውንድ ብቻ፣ ወደ 8 ኪሎ መሆኑ ነው። እስከ ሶልት ሌክ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የዊሊ ጓድ የተባለው ቡድናቸው አዮዋ ሲቲን የለቀቀው ጁላይ አጋማሽ ላይ ነው። ዘግይተዋል። ኦክቶበር ላይ ዋዮሚንግ ውስጥ በረዶ ያዛቸው።

ኦክቶበር 23 ሮኪ ሪጅ የሚባለውን ዳገት በማዕበል ወጡ። በማግስቱ ሮክ ክሪክ ላይ 13 ሰው በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ፤ በዚያው ቀን ሁለት ሌሎች ጨመሩ። የጄንስና የኤልሲ ትንሽ ልጅ በዚያ ጉዞ አለቀባቸው። ዩታ ላለች እህቷ እንዲያደርሷት አደራ የተሰጣቸው ቦዲል ሞርተንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ልጅም ሞተች። ጄንስ እግራቸው በብርድ ተመታ። ትተሽኝ ሂጂ ቢሏት ኤልሲ ጋሪው ላይ ጭናቸው ጎተተች ይላል ቤተሰቡ። ጓዱ ኖቬምበር 9 ሶልት ሌክ ገባ። ከእነሱ ኋላ የነበረው የማርቲን ጓድ የባሰ ደረሰበት። በሁለቱ ጓዶች ከነበሩት አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከ200 በላይ ሞተዋል።

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። የመርከቧ ስም፣ የጓዱ ስም፣ የዳገቱ ቀን፣ የመቃብሩ ቁጥር "ታየ" ነው፤ ጓዱ በየቀኑ የሚጻፍ መዝገብ ነበረው። ኤልሲ ባሏን መጎተቷ ከቤተሰቡ የመጣ ነው፤ "ተነገረ"። ውሸት ነው ማለት አይደለም። ጄንስ ቀሪ ዘመናቸውን እያነከሱ መኖራቸው ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ብቻ የት እንደቆማችሁ እወቁ። ገድሉን ማፍረስ አይደለም ሥራችሁ፤ የትኛው ምሰሶ እንደያዘው ማየት ነው።

የእናንተ ሰው ስም በየትኛውም ጓድ ላይ ካልተገኘ የወንድምን፣ የጎረቤትን፣ ከአንድ መንደር የመጣን ሰው ስም ፈልጉ። ሰው ብቻውን አይሰደድም። ይህን እኛ ራሳችን እናውቀዋለን።

6. እምነታቸው የተወው ወረቀት

ጸሎተኛ ሰው ከሌላው የበለጠ ሰነድ ይተዋል። ሞርሞኖች መዝገብ መያዝ የሃይማኖታቸው አካል ነው። በየዋርዱ፣ ማለትም በየአጥቢያው፣ የአባላት መዝገብ ነበር፦ የተጠመቁበት ቀን፣ ማን እንዳጠመቃቸው፣ ከየት ወደ የት እንደተዛወሩ። ብዙው በፋሚሊሰርች ላይ አለ። ፋሚሊሰርች የቤተ ክርስቲያኒቱ የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው፤ ለማንም ነፃ ነው፤ ሥሩም በ1894 የተቋቋመው የዩታ የዘር ሐረግ ማኅበር ነው። ሶልት ሌክ ከተማ ከቤተ መቅደሱ ግቢ ማዶ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቃችሁ የለም። እኔ ነጠላዬን እንደለበስኩ ከቅዳሴ መልስ ገብቼ አውቃለሁ። የሚረዱት ሽማግሌዎች በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው፤ ስማቸውን ጠይቁና ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ።

የፓትርያርክ ቡራኬ የሚሉትም አለ። አንድ አባል በሕይወቱ የሚቀበለው የተጻፈ ቡራኬ ነው። መግቢያው ላይ ብዙ ጊዜ የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ ይገኛል። በቀጥታ የዘር መስመር ያለ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባል የሆነ ዘመድ መጠየቅ ይችላል። እኛ ቤት አማቴ ጠየቁ።

ቃላቱን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልክ አትተርጉሟቸው። ጄንስ ኒልሰን የብላፍ ቢሾፕ ነበሩ ሲባል እንደኛ ኤጲስ ቆጶስ አይደለም። ሚስትና ልጅ ያለው፣ ደሞዝ የሌለው፣ እርሻውን እያረሰ የአጥቢያውን ሰው የሚያስተዳድር ጎረቤት ነው። እሳቸው በ1879 አዲስ መንደር እንዲመሠርቱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ተጠርተው፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በዚያ በተጎዳ እግር ሆል ኢን ዘ ሮክ በተባለው የድንጋይ ስንጥቅ ሠረገላ አውርደው ኮሎራዶ ወንዝን ተሻገሩ። ስድስት ሳምንት ይፈጃል የተባለው ጉዞ ስድስት ወር ፈጀ። ኤፕሪል 1880 ብላፍ ደረሱ፤ እስኪሞቱም አልለቀቁም። ስለ ሰውየው እምነት ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ይህ ደግሞ ሁሉ "ታየ" ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አንድ ሰው ሁለት ሦስት የጥምቀት ቀን ሊኖረው ይችላል። በ1856 እና 1857 በነበረው የተሐድሶ እንቅስቃሴ ብዙዎች ዳግመኛ ተጠምቀዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስታል። ሞርሞኖች ለሞተ ሰው ስም በሕይወት ያለ ሰው ይጠመቃል። ስለዚህ ቅጽ ላይ በ1790 ለተወለዱ የዴንማርክ ገበሬ "1932 ተጠመቁ" የሚል ታያላችሁ። ሰውየው ሞርሞን ነበሩ ማለት አይደለም። ቀኑን ከሞቱበት ቀን ጋር አነጻጽሩ።

7. የተነሱበት መንደር

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ የመንደሩ ስም ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ አይጀመርም። እንግሊዝና ዌልስ ከሆነ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ከጁላይ 1837 ጀምሮ አለ። ዴንማርክ ከሆነ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የደብር መዝገቦችንና ቆጠራዎችን በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧል። በገጠር መዝገቡ የሚቀመጠው በደብር ስለሆነ "ዴንማርክ" ብቻ አይበቃችሁም፤ ደብሩን ማወቅ አለባችሁ። ደብሩን ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የዋርዱ መዝገብ ወይም የመቃብር ድንጋይ ነው። እዚያ አገር ቀን ሲጻፍ ዕለቱ ከወሩ ይቀድማል፤ አሜሪካኖች ወርን ያስቀድማሉ። 4/5 ስታዩ ሁለቴ አስቡ።

8. መቃብሩ ላይ ቁሙ

ፋይንድ ኤ ግሬቭና ቢልዮንግሬቭስ በሚባሉ የመቃብር ድረ ገጾች ላይ ፎቶ ይገኛል። ቢሆንም ከቻላችሁ ሂዱ። ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ዘግይቶ በልጅ ልጆች የተተከለ ነው፤ ያለው ቀን ሊሳሳት ይችላል። ጽሑፉ ከደበዘዘ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጥቡት። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪና፣ ጠመኔ አታስጠጉ፤ ድንጋዩን ይበላዋል። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ ብታነሱ ፊደሉ ይወጣል።

ከዚያ ወደ መቃብር ቦታው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ከተማው ማዘጋጃ ሂዱና የመቃብር መዝገቡንና ካርታውን ጠይቁ። ድንጋይ የሌላቸው መቃብሮች የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቅድም የጎደሉ ልጆች ያልኳችሁን የምትፈልጉት እዚህ ነው። በቤተሰቡ ቦታ ላይ ማን ማን እንደተቀበረ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ዓመቱ አንድ በአንድ ገልብጡ።

እኔ የሄድኩት በሜይ ወር ከአማቴና ከልጆቼ ጋር ነው። የምንጅላታችን ድንጋይ ቆሟል። በግራ በኩል ሣር ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየችን። ሣሩ ሥር ሦስት ልጆች አሉ፤ ትልቁ አራት ዓመቱ ነው። ስማቸው ተጽፏል። አማቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ የአያታቸውን ወንድሞችና እህት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡ። የቀሩትን ሁለቱን ገና እየፈለግን ነው፤ አንዱ በመንገድ ላይ ሳይቀር አልቀረም ብለን አብረውት የተጓዙትን ጓድ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደገና እያነበብን ነው።